ቆሞ የሞተው መክብብ

መክብብ የሞተው ቆሞ ነው። እሑድ ጠዋት ወንድሙ ተፈሪ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣ በገዛ እጁ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሬንጅ እስከ ባቱ ይዞት፣ ደረቱን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ቀኝ እጁን እንደ ጨበጠ ደርቆ አገኘው። መውጫው መሰላል ከጉድጓዱ ወጥቶ ማዶ ተደግፏል። መሰላል በራሱ አይሄድም፤ ያወጣው ሰው አለ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሺሃረግ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጋ ከምድር ቤቱ በላይ ወዳለው የሟቹ ምግብ ቤት ገባች። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ለጠበቆች ትመረምራለች፤ ፈቃድ አላት፣ ትዕግሥት የላትም። የቀጠራት የወጥ ሠሪው የእንዳሻው ጠበቃ ነው። መሰላሉ ላይ የእንዳሻው አሻራ ተገኝቷል። አርብ ማታ መክብብ በእንግዳ ፊት በጥፊ ሲያጮለውም ያላየ የለም። ፖሊስ ነገ ሊከሰው ነው። ከተከሰሰ የጥገኝነት ጉዳዩ አበቃለት፤ ከእስር ቤት ወደ አውሮፕላን ነው።

መጀመሪያ እሱኑ ያዘችው።

«መሰላሉን ነክተሃል?»

«ሐሙስ አምፖል ቀይሬበታለሁ፣ እትዬ። የቤቱ መሰላል እኮ አንድ ነው!» አለ መላጣውን እያሻሸ።

«መክብብ ሲጮህስ አልሰማህም?»

«ቅዳሜ ቤቱ ፉል ነበር። ሙዚቃው፣ ጫጫታው...» ዓይኑን ሰበረ። ፈርቶ ነው ብላ አለፈችው።

ምድር ቤቱን ያሳያት ተፈሪ ነው። ያ ሰፈር ከሥሩ ሬንጅ ነው፤ አስፋልት ሰንጥቆ ሲንፈቀፈቅ ያየ ያውቀዋል። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዳሩ ላይ ጥቋቁር አጥንቶች በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ አንዱ ጥፍር ማጭድ ያህላል።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ስሎዝ ይሉታል። ከበሬ የሚገዝፍ አውሬ ነው፤ ግን ቅጠል በል። በኋላ እግሩ ቆሞ ቅርንጫፍ ይጎትት ነበር አሉ። ከጠፋ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«ምን አጠፋው?»

«ገሚሱ አየሩ ተለውጦ ነው ይላል፣ ገሚሱ ሰው አድኖ ጨረሰው ይላል። መክብብ፣ ሰው ነው ባይ ነበር። ሲመጡበት አይሸሽም፤ የሰውን ክፋት ገና አላየማ፣ ይለኝ ነበር።»

«ይሄኛውን ሬንጁ ውጦት ነው?»

«ኖ፣ ሬንጁ የት ይውጣል! እግሩን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቆሞ ይጮሃል፣ ጩኸቱን ሰምቶ ተኩላ ይመጣል...» ተፈሪ ድንገት አፉን ያዘ። የወንድሙን አሟሟት ሲያወራ እንደ ነበር የገባው ያኔ ነው።

«በምን አጸዳው ይሄን ሁሉ?»

«በዘይት ነዋ። ሬንጅን ውሃ አያስለቅቀውም፣ ቅባት ካልሆነ።»

«ቤቱን ልትሸጡ ነበር አሉ።»

«እኔና ሚስቱ፣ አዎ። ገዢም አግኝተን ነበር። እሱ ደግሞ ሰኞ ሳይንቲስቶች አመጣለሁ፣ ቤቱን ለቁፋሮ እሰጣለሁ አለ። ሶ፣ ተጣላን። ግን ወንድሜ ነው እኮ!»

ሚስቱ ሮማን እላይ ከለቀስተኞች መሀል ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። የሺሃረግ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችና ራሷን ስባ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ሻሹ ሸርተት አለ። አናቷን ስትዳብሰው እንደ ገለባ ደርቋል። ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ያለው የፀጉሯ ጫፍ ግን ቅቤ ጠጥቶ ወዝቷል። የሺሃረግ አሸተተችው።

«ተቀብተሻል እንዴ፣ እህቴ?»

«ራሴን ፈልጦኝ። ሲያለቅሱ መዋል ቀላል መሰለሽ?»

የሺሃረግ ሌላ አልጠየቀችም። ወጥታ ጉዳዩን ለያዘው ፖሊስ ደወለችና የሬሳውን የቀኝ እጅ ጭብጥ እንዲከፍቱ ነገረችው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ለቀስተኛው ሲበተን፣ ፖሊሱ ባለበት ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«መክብብ ስኳር በሽተኛ ነበር። ስልኩ እላይ ቻርጅ ላይ ነበር። አርብ ሌሊት ሊቆፍር ወርዶ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ መድኃኒት ሁለት ቀን ያህል ቆሞ ሞተ። ገዳዩ መሰላሉን ያወጣው ሰው ነው። የመሰላሉ እግር ሬንጅ ውስጥ ተተክሏል፤ ቆመው ቢስቡት አይነቀልም። ከአፋፉ ተደፍቶ፣ ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ መጎተት ነው። ሞት የመጣበት ሰው ደግሞ ያገኘውን ይጨብጣል። ምን ተንጠለጠለለት?»

ሦስቱንም ተራ በተራ ከአንገት በላይ ቃኘቻቸው።

«ፀጉር ነዋ! የእንዳሻውን ራስ እዩት፣ ዝንብ እንኳ ያንሸራትታል። ተፈሪም የወታደር ቁርጥ ነው።»

«ፀጉር ስላለኝ ገዳይ ልሆን ነው?» አለች ሮማን። «ላይሰንሱን ማን ሰጠሽ አንቺን?»

«ያጋለጠሽ ቅቤሽ ነው። ባሏን ገና ያልቀበረች ሴት ቅቤ አትቀባም። ለራስ ምታት ነው አልሽኝ፤ እሺ። ለራስ ምታት ቅቤ የሚደረገው መሀል አናት ላይ ነው፤ ያንቺ አናት ደርቋል። የራሰው ጫፉ ነው፣ ያውም በአንድ ወገን። ደግሞ ለራስ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው። ያንቺው ኮረሪማና ኮሰረት ይሸታል። የወጥ ቅቤ ፀጉሯን የምትቀባ ሴት አይቼ አላውቅም። የባልሽ እጅ ፀጉርሽ ላይ የተወውን ሬንጅ ለማስለቀቅ ስትጣደፊ እጅሽ የገባልሽ እሱ ነው።»

ፖሊሱ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ጭብጡ ተከፍቷል። ሬንጁ መሀል ረጅም የሴት ፀጉር ተገኝቷል።

ተፈሪ ከወንበሩ ተነሣ። «ሮማን... አልጠራሽም?»

«ጠርቶኛል። ውሃ፣ ውሃ ብሎኛል። ሃያ ዓመት ሽንኩርት አስከትፎኝ፣ ከዚህ የምወጣበት ቀን ሲመጣ ለአጥንት አዘነ። ምን አለ ታዲያ! አውሬው ስንት ሺህ ዓመት ቻለው፤ እሱ ሁለት ቀን አቃተው።» ሻሿን አጥብቃ አሰረችና እጇን ለካቴና ሰጠች።

ፖሊሱ ይዟት ሲወጣ፣ እንዳሻው የየሺሃረግ ጉልበት ላይ ተደፋ። «ነፍሴን አተረፉልኝ፣ እትዬ!»

«ተነሥ። ኪችኑ ከጉድጓዱ በላይ ነው። እውነት አልሰማኸውም?»

ወጥ ሠሪው ተነሥቶ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ።

«ሰምቻለሁ። ሮማን ሙዚቃውን ጨምረው አለችኝ፣ ጨመርኩት።»

«ለምን?»

«ትንሽ ይበለው ብዬ ነዋ።»

የሺሃረግ ይህን ቃል ለማንም እንዳይደግመው በጠበቃው ስም አስጠነቀቀችው፤ የተቀጠረችው እሱን ነጻ ለማውጣት ነው። የዘረጋላትን እጅ ግን ሳትጨብጠው ወጣች።