ጠመኔው የተቀመጠበት ቀዳዳ

«የቱ ጋ ላስቀምጠው?» አለች ሬዲዮ፣ የፑል ዱላ ጫፍ የሚቀባበትን ባለ አራት ማዕዘን ሰማያዊ ጠመኔ በሁለት ጣቷ ይዛ። ይህ ስም የወጣላት አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው።

ስንጥር የፑል ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰች ቀርታለች፤ በቅጥነቷ ምክንያት ከሩቅ ላያት ሁለት ዱላ ተደጋግፎ የቆመ ይመስላል። ለእሷና ለሬዲዮ የቀረቻቸው አንዲት ቀይ ኳስ ናት። መንገዷን የተቃራኒዎቻቸው የመንትዮቹ ኳስ ስለዘጋው ቀጥታ መምታት አይሆንም፤ ያለው አማራጭ ከማዶው ጠርዝ አንጥሮ መመለስ ነው። ከገባች የወጣት ማእከሉን ወክለው ለውድድር የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ካልገባች ተራው የመንትዮቹ ነው፤ መንትዮቹ ደግሞ የቀረቻቸውን ኳስ እያዛጉም ያስገቧታል።

ችግሩ የአስተማሪ ብዛት ነው። ታላቅ ወንድሟ «ከኳሷ እስከ ቀዳዳው ጠርዙ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቁጠሪ፣ ለሁለት ክፈይ፣ እዚያ ጋ ምቺ» ብሏታል። መስታወት ቆራጩ አባቷ የፑል ዱላ ጨብጦ አያውቅም፤ ግን ራት ላይ ሲያወሩ ሰምቶ «ምን ቁጠራ ያስፈልጋል? ጠርዙን መስታወት አድርጊው። መስታወቱ ውስጥ የሚታይሽን ቀዳዳ ምቺ» አላት። ሁለቱም ተሳስቶ እንደማያውቅ ሰው ነው የተናገሩት። በወንድሟ ቆጠራ ኳሷ ማዶ ካለው የመሀል ቀዳዳ ወዲያ ማረፍ አለባት። በአባቷ መስታወት ደግሞ ከዚያ ወዲህ፣ ሦስተኛዋን ነጥብ አለፍ ብሎ። ቤተሰቡ በአንድ ጠርዝ እንኳን መስማማት አቅቶታል።

«ጢም እስክናበቅል ነው እንዴ የምንጠብቅሽ?» አለ አንደኛው መንትያ።

«የቀኙ ጥግ» አለች ስንጥር፣ ለሬዲዮ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

እዚህ ቤት ቀዳዳ ጮክ ተብሎ አይጠራም። አንድ ሰሞን «ይሄን ነው ያልኩት፣ ያንን ነው ያልከው» የሚል ጭቅጭቅ ሲበዛ የማእከሉ ኃላፊ ደንብ አወጡ፦ ከመመታቱ በፊት የመቺው ጓደኛ ጠመኔውን ከታሰበው ቀዳዳ አጠገብ ያስቀምጣል። ኳሷ ሌላ ቀዳዳ ከገባች አይቆጠርም፤ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ትመለሳለች።

ስንጥር መታች። በመጨረሻዋ ቅጽበት እጇ ወንድሟንም አባቷንም ከዳ። ቀይዋ ኳስ ሁለተኛዋ ነጥብ ጋ ነጠረችና ተመልሳ፣ ማንም ሳያስባት፣ በቅርቡ በኩል ካለው የመሀል ቀዳዳ ውስጥ ዘው አለች።

«ገባች!» ሬዲዮ ዘለለች። «ጋሼ፣ ገባች!»

ጠመኔው የመሀሉ ቀዳዳ አጠገብ ቁጭ ብሏል።

«ጥግ ጋ አልነበር እንዴ?» አለ አንደኛው መንትያ ወደ ወንድሙ ዞሮ።

«እኔ ኳሷን ነው የማየው፣ ምን አውቄ!»

ኃላፊው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «እኔ አፍ አልዳኝም፤ ጠመኔ ነው የማየው። መሀል ነው።»

ስንጥር ሬዲዮን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «ጥግ አላልኩሽም?»

«መሀል ነው ያልሽው» አለች ሬዲዮ ዓይኗን ሳታርገበግብ። «ስትቆጥሪ ተምታቶብሽ ነው። ሁሌ ይምታታብሻል እኮ።»

እሱስ እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳን የሒሳብ ፈተና ላይ በስሟ ቦታ ቀኑን ጽፋለች። ምናልባት አፏ መሀል ብሎ ይሆን? «ጥግ» ያለው ሐሳቧ ብቻ ይሆን? ስታስበው ስታስበው የራሷ ድምፅ ራሱ ጠፋባት።

ከዚያ የቀኙ ጥግ ጋ እንጨቱ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ሰማያዊ ብናኝ አየች። የዛሬ ነው የትናንት? ማን ያውቃል፣ ጠመኔ የማይነካው ቦታ የለ።

ብናኙን ስታይ ሬዲዮ አየቻት። ቀስ ብላ ሄደችና ክርኗን ብናኙ ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ክፍል ውስጥ ለሁሉም ነግሬያለሁ እንደምንሄድ» አለች በሹክሹክታ። «እባክሽ፣ ስንጥርዬ።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ እንበል?» አሉ ኃላፊው፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው።

ስንጥር ጠመኔውን አነሳችና ከሬዲዮ ክርን አጠገብ፣ ጥጉ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ የመታሁት ለዚህኛው ነው።»

እጇን ወደ መሀሉ ቀዳዳ ሰደደች፣ ቀይዋን ኳስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ መለሰቻት። ከዚያ ዱላውን ለመንትዮቹ አቀበለች። ሬዲዮ ክርኗን ገና አላነሳችም።