ስለ ብረቱ እፈርማለሁ

ሰው አፍና አእምሮ እያለው፣ ስለ ራሱ ጉዳይ አጠገቡ የቆመው ሰው ሲጠየቅ ከማየት የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ይህ ታሪክ የሚጀምረው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

«ልጅቷ በእርግጥ መንዳት ትችላለች?» አለ የመድን ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ።

ጥያቄው ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠችው ሴት አልነበረም። ከኋላዋ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ለቆመው መካኒክ ነበር።

ሴቲቱ የልብስ ስፌት ማሽን ጠጋኝ ናት። ፖሊዮ በልጅነቷ እግሮቿን ስላዛላቸው በሁለት ክራንች ትሄዳለች። የመሣሪያ ሣጥኗ ከባድ ስለሆነ ያለ መኪናዋ ከደጃፏ አያልፍም፤ እንጀራዋም በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ግራጫዋን መኪና የምትነዳው በእጇ ነው። ከመሪው ሥር በተገጠመው የብረት ዘንግ፣ ወደ ፊት ስትገፋው ፍሬን ትይዛለች፣ ወደ ታች ስትስበው ነዳጅ ትሰጣለች።

ዘንጉን የሠራው መካኒኩ ነው። ረጅምና ቀጭን በመሆኑ የጋራዡ ሰዎች «መፍቻ» ይሉታል። የተዋወቁት እርሷ ጥርሱ የተጎዳ የማሽን ጊር ይዛ ጋራዡ በገባች ቀን ነበር። ሲሞርድላት ጥቂት አየችውና ሞረዱን ከእጁ ቀማችው።

«ኧረ ወንድሜ፣ እንጨት መሰለህ እንዴ? እንዲህ ነው የሚያዘው!»

ከዚያ ወዲህ ሞረድ ባነሣ ቁጥር ድምፅዋ ይሰማዋል። ዘንጉ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፤ እርሱ ሦስት ወር ፈጀበት። ለምን እንደዘገየ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሁለት ዓመት ሲያልፍም አንዳቸውም አልተናገሩትም።

እስካሁን መድን የሰጣት ድርጅት አሁን ተዘግቷል። ያለ መድን መንዳት ክልክል ነው፤ የቀራት ደግሞ አሥር ቀን ብቻ ነው። ይህ አራተኛው ቢሮ ነበር። የመጀመሪያው መኪናው ተነካክቷል አላት። ሁለተኛው የሐኪም ወረቀት አስመጣና ወረቀቱን ሳይገልጥ መለሰላት። ሦስተኛው የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚያየው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሕንፃው ግን አሳንሰር አልነበረውም።

«በደንብ ትችላለች፣ ጌታዬ» አለ መፍቻ።

ሴቲቱ ዞር ብላ አየችው። ያንን አስተያየት በዚያች ሰዓት ባይረዳውም፣ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶታል።

«እኔ እዚህ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። «መንጃ ፈቃዴም ፊትዎ ነው። ሁለት ዓመት ስነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም።»

«ቅር አይበልሽ፤ መመሪያ ነው። ላንቺ ዓይነቱ ሰው ኃላፊነት የሚወስድለት ያስፈልጋል። መኪናው በባልሽ ስም ቢሆን ዛሬውኑ በጨረስን።»

«ባል የለኝም።»

«ታዲያ ወንድ ሞልቶ!» ብሎ ሣቀ ሥራ አስኪያጁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ መፍቻ ሲያላምጠው የኖረው ቃል፣ በማይሆን ክፍል በማይሆን ሰዓት አመለጠው።

«እኔ አገባታለሁ። በስሜ ይሁን።»

ሴቲቱ ክራንቿን አንሥታ ቀስ ብላ ቆመች።

«ይህን የምትነግረው ለእርሱ ነው?» አለች። «ልታገባኝ ነው ወይስ ልትረከበኝ?»

ብቻዋን ነድታ ሄደች።

እናቷ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ምነው ልጄ! ሰው ባል አጣሁ ብሎ ያለቅሳል፤ አንቺ ተገኘ ብለሽ?»

«እማዬ፣ እወደዋለሁ እኮ። የሚያቃጥለኝም እርሱ ነው። ዛሬ እሺ ብለው፣ ለእኔ ብሎ ይሁን ለወረቀቱ፣ ሳላውቅ ልኖር ነው።»

«እንግዲያው ወረቀቱን አስቀድሚዋ» አሉ እናቷ።

በማግሥቱ ወደዚያው ቢሮ ተመለሰች። «መመሪያውን ያሳዩኝ፤ ማንበብም እችላለሁ» አለች። መመሪያው ከመደርደሪያ ወረደ፤ አቧራው ተራገፈ። ኃላፊነት ስለሚወስድ ሰውም ሆነ ስለ ባል የተጻፈ አንዳች ነገር አልተገኘበትም። የሚለው፣ በመኪናው ላይ የተጨመረው ዕቃ ሠሪው ይፈርምበት፣ መርማሪም ይፈትነው ብቻ ነበር። ሕግ ሲከብድ ሰው ይችለዋል፤ ሕጉን ሳያነብ በሕግ የሚምልን ሰው መቻል ግን እንዴት ይከብዳል!

ቅጹን ይዛ ጋራዥ ገባች። «ፊርማህን ፈልጌ ነው» አለችው።

መፍቻ እጁን ታጥቦ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ስለ ብረቱ እፈርማለሁ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ስለ አንቺ መፈረም የእኔ ድርሻ አልነበረም። ያን ዕለት ሲጠይቀኝ ‹እርሷን ጠይቃት› ማለት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።»

እርሷ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። ለዘንጉ እጀታ ልክ ሲወስድ መዳፏን የነደፈበት ካርቶን እዚያው ተሰቅሏል።

«ይሄን ምነው አልጣልከው?»

«ለመለዋወጫ» አለ።

ሣቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

በፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ግቢው ወረደ። «በእጅ መንዳትና በእግር መንዳት አንድ ከሆነ እስቲ ይታይ!» ብሎ የራሱን መኪና አስነሣ። ሁለቱም በእኩል ፍጥነት መጥተው መርማሪው ሲያፏጭ እንዲቆሙ ተስማሙ። ተፏጨ። መርማሪው የሁለቱን መቆሚያ በጠመኔ አሰመረ። የእርሷ መኪና በአንድ እርምጃ ከግማሽ ባጠረ ርቀት ቆሞ ነበር።

«ይደገም!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ተደገመ። ያው ነው።

«ጎበዝ ናት» አለው ለመርማሪው።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለች፣ በመስኮቱ።

ሰውዬው ወደ እርሷ ዞረ። «ጎበዝ ነዎት» አለ።

ወረቀቱን ተቀብላ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳች። መፍቻ መኪና ሥር ተኝቶ እግሮቹ ብቻ ይታዩ ነበር። ጥሩምባ ስትነፋ ጭንቅላቱን ከብረት ጋር አጋጭቶ ወጣ።

«አንብበው» አለችው።

አነበበው። የእርሷ ስም ብቻ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ያን ዕለት ለሌላ ሰው የነገርከው አንድ ነገር ነበር» አለች። «የነገሩ ባለቤት አሁን ፊትህ ናት።»

መፍቻ በግራሶ የተለቀለቀ እጁን በቱታው ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። የጋራዡ መዶሻዎች ሁሉ የቆሙ መሰለው።

«ታገቢኛለሽ?»

እርሷ ጎንበስ ብላ የተሳፋሪውን በር ከፈተችለት።

«ግባ፤ እማዬ ጋ እንሂድ» አለች። «ቀበቶህን እሰር።»