ባለ ስድስት እግሩ ምስክር

ወንድሜ ሀብተሥላሴ የልደታ ማርያም ዘበኛ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ኅዳር፣ አንድ ጠዋት፣ የአብነት ሰፈሩ ከብት ነጋዴ ዱጉማ በረቱን ሊከፍት ሲወጣ ከአጥሩ ሥር ማጅራቱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ አገኘው። ዱጉማ ጮኾ ጎረቤት ጠራ። የጣልያኑ ሹም መጥቶ ያሰረው ግን ራሱን ዱጉማን ነው።

ማስረጃውን ያቀረበው አስተርጓሚው ፍሰሐ ነበር። ከሟቹ ጋቢ ላይ ቡናማ ተባይ አንሥቶ አሳየ።

«መዥገር ነው። ከበረት እንጂ ከየት ይመጣል? ሁለቱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት በአጥር ተጣልተዋል።»

ሹሙ ዱጉማ በማግስቱ እንዲሰቀል፣ ሬሳውም እስኪፈቀድ እንዳይቀበር አዘዘ።

የወንድሜ ሚስት ሙሉመቤት ወደ አቶ ተሰማ ቤት ሄደች። አቶ ተሰማ ሰንጋ ተራ ሃያ ዓመት ከብት ሲያክሙ የኖሩ፣ የተሰረቀ በሬ ከነሌባው ፈልገው በማግኘት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ዱጉማ አልገደለውም» አለቻቸው። «የገደለ ሰው ሬሳውን ደጁ ላይ አይጥልም።»

«ለእኔ ይበቃኛል፤ ለጣልያን ግን አይበቃውም። ባልሽ ትናንት ማታ ምን ብሎ ወጣ?»

«ከቤተ ክርስቲያን የጠፉት የብራና መጻሕፍት ያሉበትን አውቄዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

አቶ ተሰማ ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው ጋቢውን እጥፋት በእጥፋት አዩ። ሌላ ተባይ አገኙ፤ ይንቀሳቀሳል። በክብሪት ቀፎ ከተቱት። ከዚያ ወደ ታሰረው ዱጉማ ሄዱ።

«በረትህ ውስጥ የሌሊት ወፍ አለ?»

«ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኩበት አጨሳለሁ። እኔም የማድረው እያሳለኝ ነው።»

ፍሰሐን ያገኙት መንገድ ላይ ነው። «ጣልያን የዘጋው የተሰደዱት ፊታውራሪ ቤት ይከፈታል?» አሉት።

«ከተዘጋ ማንም አልገባበትም። ሹሙ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ከኪሴ አይወጣም። ምነው፣ ሊከራዩት ነው?»

«በዚህ ዕድሜዬ ጎጆዬም በዝቶብኛል» አሉና አለፉ። በዚያ ቤት በር ሲደርሱ ጓጉንቸሩን ነክተው ጣታቸውን አሸተቱ።

ከሰዓት በኋላ ሹሙና እስረኛው ዱጉማ ባሉበት ሁላችንም ሬሳው ካለበት ግቢ ተሰበሰብን። አቶ ተሰማ የክብሪት ቀፎውን ከፈቱ።

«ዱጉማ፣ መዥገር ስንት እግር አለው?»

«ስምንት።»

«እስቲ ይህን ቁጠር።»

ዱጉማ እጁ እንደታሰረ ጎንበስ አለ። «ስድስት ነው፣ ጋሼ።»

ፍሰሐ ሳቀ። «የበሬ ጥርስ ሲቆጥሩ ኖረው ዛሬ ደግሞ እግር ያስቆጥሩ ጀመር።»

«ለሹሙ ተርጉምለት» አሉ። «ይህ ክንፍ የሌለው ዝንብ ነው። የሌሊት ወፍ ጠጉር ውስጥ እየኖረ ደሟን ይመጥጣል። የቆዳ መጋዘን ስናጸዳ ብዙ አይቻለሁ። ከእርሷ ከተለየ ከአንድ ቀን በላይ ብዙም አይዘልቅም። ይህ ግን ዛሬ ጠዋት በሕይወት ነበር። ስለዚህ ሀብተሥላሴ ማታ የሌሊት ወፍ በሰፈረበት ጣሪያ ሥር ነበር።»

ፍሰሐ ተረጎመ። ቀጥሎም «ቤተ ክርስቲያኑስ? ዘበኛ አልነበረም?» አለ።

«የዚያን ጣሪያ ቀዳዳ በመስቀል ሰሞን ደፍነውታል፤ ዛሬም ወጥቼ አየሁት። ከበረቱ ጭሱ ያባርራቸዋል። በየምሽቱ ሲወጡ የምናያቸው ከፊታውራሪው ቤት ቆርቆሮ ሥር ነው። ማንም አልገባበትም ያልከኝ ቤት ጓጉንቸር ግን ትኩስ ዘይት አለው። ቁልፉ ካንተ ኪስ አይወጣም። ሀብተሥላሴ መጻሕፍቱን ሊያይ ገባ፤ አንተ ደረስክበት። ከዱጉማ ጋር መጣላቱን ታውቅ ስለነበር ሬሳውን እዚያ ጣልክ። ተርጉም።»

ሹሙ ተርጉም ብሎ ሲቆጣው ፍሰሐ አጭር ነገር በጣልያንኛ ተናገረ።

ሙሉመቤት ከሬሳው ራስጌ ተነሣች። ዓመት ያህል በጣልያኖች ወጥ ቤት ሠርታለች።

«ሽማግሌው ገዳዩ ዱጉማ ነው አሉ ብለህ ነገርከው» አለችው። ወደ ሹሙ ዞራም በምታውቃት ትንሽ ጣልያንኛ አንድ በአንድ ተናገረች፦ ቤት፣ ቁልፍ፣ መጻሕፍት። በመጨረሻ ጣቷን ወደ ፍሰሐ ቀሰረች።

ቤቱ ሲከፈት የሌሊት ወፎቹ በራሳችን ላይ አለፉ። ወለሉ ላይ የደረቀ ደም ነበር፤ ጥግ ባለው ሣጥን ውስጥም መጻሕፍቱ። የዱጉማን ገመድ ፈትተው ፍሰሐን አሰሩበት።

ሹሙ ሣጥኑን እያየ ተናገረ። አብረውን የመጡት የልደታ ካህናት ምን አለ ብለው ሙሉመቤትን አዩዋት።

«መጻሕፍቱ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ ይላል» አለች።

መቅበር ተፈቀደልን። ዱጉማ የገመዱ ምልክት በወጣበት እጁ ቃሬዛውን ከፊት ያዘ። ከግቢው ስንወጣ ሣጥኑን የጫነው መኪና መጣ። እስኪያልፍ ድረስ ወንድሜን ተሸክመን ዳር ቆምን።