አርባ አንደኛው ረድፍ

«ሲሚንቶ፣ ባለ ሃምሳ ኪሎው፣ ስምንት መቶ ስልሳ ሽልንግ» አለች እናቷ።

አፖንዲ ቁጥሩን ጽፋ ኢንተር ተጫነች። በኤክሴሉ ግርጌ ያለው ድምር ወዲያው ተለወጠ። ቀይ ነበር፤ አሁንም ቀይ ነው።

እናቷ የምትሠራው በአውራጃው የግንባታ ቢሮ ነው፤ መንገድም ሆነ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ስንት እንደሚፈጅ ትገምታለች። ባለፈው ሳምንት ከሞተር ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ስለገባ፣ ሰኞ የሚቀርበውን ግምት እሷ እያነበበች አፖንዲ ትጽፍላታለች። ከሩዝ ማሳው ባሻገር ያለውን ወንዝ የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ ነው። አውራጃው የፈቀደው ዘጠኝ ሚሊዮን ሽልንግ ብቻ ነው። ድምሩ ከዚያ ሲያልፍ እንዲቀላ አድርጋ ያዘጋጀችው ራሷ እናቷ ናት።

«ስንት አለፈ?»

«ስድስት መቶ ሠላሳ ሺህ።»

እናቷ የግራ እጇን ጣት በጄሶው ጫፍ አሾልካ ስታክ ቆየች።

«በቃ፣ አርባ አንድን አጥፊው። በእሱ ፈንታ ደረጃ ጻፊ። በወዲህ ዘጠኝ፣ በወዲያ ዘጠኝ።»

አፖንዲ አርባ አንደኛውን ረድፍ ማንበብ አላስፈለጋትም። ተዳፋት መወጣጫ፣ በሁለቱም ዳር። ትናንት በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ጽፋም አልቀረች፤ ለአዴሮ ደውላ ነግራታለች።

አዴሮ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የክፍል ጓደኛዋ ናት። እግሮቿ ስለማይታዘዙላት በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው የምትሄደው። ጠዋት ጠዋት አጎቷ አዝሎ ጀልባ ላይ ያስቀምጣትና ለብስክሌቱ ይመለሳል። ወንዙ ሲሞላ ለአዴሮ ትምህርት የለም።

«እማ፣ አዴሮ እኮ ደረጃ አትወጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ድልድዩን ዝቅ አድርጊው! እሱ ዝቅ ሲል ተዳፋቱም ያጥራል።»

«ጎርፉ የት ድረስ እንደሚመጣ አይተሽ የለ? በዓመቱ ጠርጎት ይሄዳል።»

«ጠባብ ብታደርጊውስ?»

«ከጠበበ ብስክሌቷ አያልፍም። ያልሞከርኩት ነገር አለ ብለሽ ነው፣ ልጄ? አለቃዬን ሁለቴ ለምኜዋለሁ። ‹ምክር ቤቱ ያጸደቀው ይኸው ነው፤ ካለፈ ገንዘቡ ለሌላ ወረዳ ይሰጣል› አለኝ። ያን ጊዜ ደረጃውም የለም።» ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ውሃው ፈልቷል፤ የኡጋሊውን ገንፎ በአንድ እጄ ላማስል። አንቺ ጨርሺው።»

አፖንዲ ብቻዋን ቀረች። ረድፎቹን ወደ ላይ እየገፋች አየቻቸው። የእጅ መደገፊያ፣ የካሳፎርማ ጣውላ፣ ጠጠር፣ አሸዋ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ፌሮ፣ ውፍረቱ አሥራ ስድስት ሚሊሜትር። ከሁሉም ውዱ እሱ ነው።

አሥራ ስድስቱን አጥፍታ አሥራ ሁለት ጻፈች፤ ፌሮው ሲቀጥን ዋጋውም አብሮ ወረደ።

ድምሩ አረንጓዴ ሆነ።

ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ እያማሰለች ነው። አንዲት ቁጥር ናት፤ ማን ልብ ይላታል? ሰኞ እናቷ በግራ እጇ ትፈርምበታለች፣ ያልቃል። አርባ አንደኛው ረድፍ ሳይነካ ቁጭ ብሏል።

ስልኳ ጮኸ። አዴሮ ናት።

«አንቺ መሐንዲስ! መንገዴ ደህና አደረ ወይ?»

«አለ» አለች አፖንዲ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን አለ።»

«ይመቸው! አጎቴ ምን እንዳለ ልንገርሽ? ‹እንግዲህ ከማዳበሪያ ጆንያ ሌላ የምሸከመው አጣሁ› አይልም? ደግሞ እኮ ጆንያው ይሻላል ይላል፣ ቢያንስ ‹ቀስ በል› እያለ አይጮህበትም።»

አፖንዲ ለመሳቅ ሞከረች።

«ድልድዩ የሚመረቅ ቀን መሃሉ ላይ ቆመን ነው ፎቶ የምንነሣው፣ እሺ? አያቴ፣ የአጎቴ ልጆች በሙሉ፣ አንቺ፣ ከፊት እኔ። ወንዙ ጢም ብሎ ቢሞላ ነው ደስ የሚለኝ። ከላይ ሆኜ ስድብ ላጠግበው!»

«አዴሮ፣ መልሼ ልደውልልሽ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«እማ እየጠራችኝ ነው።»

እናቷ አልጠራቻትም። አፖንዲ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ሁሉም መሃሉ ላይ ተጠጋግተው ታዩአት። ከታች ቡናማው ውሃ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ቀጭኑ ፌሮ። አዴሮ ከፊት።

አሥራ ሁለቱን አጥፍታ አሥራ ስድስት ጻፈች። ድምሩ ቀላ።

ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምራ እንደገና ወረደች። የሚተርፍ ነገር ፈለገች፣ አንድ የማያስፈልግ ነገር። መደገፊያው ላይ ጥቂት አመነታችና አለፈችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ በእጇ የገባ ምንም አልነበረም። አርባ አንደኛውን ረድፍ አጠፋች። ደረጃ ብላ ጻፈች፤ ዘጠኝ እና ዘጠኝ። አረንጓዴው ተመልሶ መጣ።

«ጨረስሽ?» አለች እናቷ፣ ሳህን ይዛ እየገባች።

«ጨረስኩ።»

እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ አየችው። «ተዳፋቱን ለከርሞ እጠይቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከሰንጠረዡ ሳትነቅል። «በይ ላኪው።»

ላከችው።

«ጀልባው አሁንም አለ?»

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ምነው?»

«አዴሮ ጋ ልሄድ።»

«በስልክ ብትነግሪያትስ? ምግቡ ቀርቧል እኮ።»

«በስልክ ‹አለ› ብያታለሁ።»

እናቷ ትንሽ አየቻትና፣ ሌላ ሳህን አምጥታ የአፖንዲን ኡጋሊ ከደነችው። አፖንዲ ላፕቶፑን ዘጋች። ገመዱን ጠቅልላ ከነላፕቶፑ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣው ወደ ጀልባው ወረደች።