ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ

ጭልፋው ከትልቁ ድስት ወጥቶ ትንሹ ድስት ውስጥ ሲገባ ያየችው ማስተዋል ብቻ ናት።

እናቷ ገላነሽ ልብ አላለችም። ጾሙ የተፈታው ገና አሁን፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነው። ትናንት ዶሮውን ስትሠራ በጾም ምላስ መቅመስ ስለማይሆን ጨውን የገመተችው በማሽተት ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤት እንደገባች ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከትልቁ ድስት በጭልፋ ቀዳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች፣ ዓይኗንም ጨፈነች። ጥሟታል። ከዚያ እጇ እንደ ልማዱ በዚያው ጭልፋ ትንሹን ድስት አማሰለው። ጭልፋውን ሰሐን ላይ ጥላ ወተት ልታመጣ ወጣች።

አዲሱ ጭልፋ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት፣ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ትንሹ ድስት የሰብሪና ነው። ሰብሪና ወረታ ትምህርት ቤት ከማስተዋል ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ የባለሱቁ የኡመር ልጅ ናት። ሙስሊም ናትና ክርስቲያን ያረደውን አትበላም። ማስተዋልም ሙስሊም ያረደውን አትበላም። ይኸን በፎገራ ማንም ለማንም አያስረዳም፤ ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ባለፈው አረፋ ማስተዋል ሰብሪና ቤት ተጋብዛ ነበር። የሰብሪና እናት ሀቢባ ለአንዲት የባላገር ልጅ ብላ ክርስቲያን ጎረቤቷን ለምና ዶሮ አሳረደች፤ በጎረቤቷም ድስት አሠርታ ለብቻዋ አቀረበችላት። ማስተዋል ይህን ስትነግራት ገላነሽ ሰምታ ስታበቃ፣ «ልጄን አከበረችልኝ። ቀን ይምጣ» አለች።

ቀኑ መጣ። ገና እሑድ ዋለ። ገላነሽ ከይፋግ ገበያ አዲስ ድስትና አዲስ ጭልፋ ገዛች። የማስተዋል አባት ገብረማርያም፣ «ሴትዮ፣ በዓል ነው፣ ጥድፊያ አለ፣ እንዳታምታችው» ብሎ ጭልፋው ላይ ቀይ ክር አሰረበት። ትናንት ደግሞ የሰብሪና ታላቅ ወንድም ሙጃሂድ በባጃጁ መጥቶ ገብስማውን አውራ ዶሮ በገዛ እጁ አረደው። ጎረቤቶች፣ «ንግሥት ናት እንዴ የምትመጣብሽ?» እያሉ አሾፉ። «የልጄ ጓደኛ ናት፣ ከንግሥት ትበልጥብኛለች» አለቻቸው። የገላነሽ ኩራት አይጣል ነው፤ የሰው ውለታ ሳትመልስ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ማስተዋል ትንሹን ድስት ከደነችው። አንድ ጭልፋ ነው፣ አለች በልቧ። ያም ዶሮ፣ ይኸም ዶሮ። ማን ያውቃል?

እናቷ ወተቱን ይዛ ተመለሰችና በር ላይ ቆማ ጥልፍ ቀሚሷን እያስተካከለች መንገዱን አየች። ፊቷ እንደ ልጅ በርቷል።

«እማ» አለች ማስተዋል።

«አሁን አታዋሪኝ፣ ቄጤማውን ጎዝጉዥው። ባጃጅ ይሰማኛል።»

እውነትም የሙጃሂድ ባጃጅ በሩዙ ማሳ መሐል ባለችው መንገድ እየዘለለ መጣ። ሰብሪና እናቷ የላከችውን ስኳርና ብስኩት ታቅፋ ወረደች።

«አንቺ፣ ፏ ብለሽ የለ እንዴ» አለቻት ማስተዋልን አቅፋ። «ትምህርት ቤት ለምን እንዲህ አትለብሽም?»

«ለማን ብዬ?» አለች ማስተዋል። ለመሳቅ ሞከረች።

ገብረማርያም እንግዶቹን ከቤት በፊት ወደ በረት ወሰዳቸው። እሱ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ላሙን ነው። «ይች ቡሬ ትባላለች» አላት ለሰብሪና፣ ነጭና ጥቁሯን ላም እያሻሸ። «የፎገራ ላም ናት። ክረምት ጎርፉ ሲመጣ እስከ ሆዷ ውሃ ውስጥ ቆማ ትግጣለች። የሌላ አገር ላም ብትሆን ከብቶቹን ሁሉ ይዛ ተሰዳ ነበር።»

ሰብሪና ከት ብላ ሳቀች። ከበረቱ ማዶ የሩዙ ክምር እንደ ጎጆ ቤት ተደርድሯል። ሩዙ ከታጨደበት መሬት ላይ ጓያው አብቦ ሜዳው እስከ ጣና አቅጣጫ ድረስ ሰማያዊ ሆኗል። «እኔ እኮ ጭቃ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። «ወላሂ፣ ፊልም ነው የሚመስለው። ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

ሌላ ቀን ቢሆን ማስተዋል ደረቷን ነፍታ ክምሩን አንድ በአንድ ታሳያት ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ ከቤቱ በር አልተነሣም።

«እናቴ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ?» አለች ሰብሪና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ቤት ስሄድ ‹ማን አረደው፣ በምን ተሠራ› ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትበዪ ትለኛለች ሁሌ። ዛሬ ግን፣ ‹እትዬ ገላነሽ ቤት አትጠይቂ። ያቀረቡልሽን ብዪ› አለችኝ።»

ብትጠይቅ ይሻል ነበር፣ አለች ማስተዋል በልቧ። የሚጠይቅን ሰው መዋሸትም እኮ ከባድ ነው፣ የማይጠይቀውን ግን ምን ይሉታል?

ገብተው ቄጤማው ላይ ተቀመጡ። እጅ ታጠቡ። ገላነሽ ትንሹን ድስት አምጥታ በእንግዶቹ ፊት አስቀመጠች፤ ቀይ ክር ያለውን ጭልፋም ከግድግዳው አወረደች። ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይኸ የእናንተ ነው፣ ልጆቼ። የማንም ወጥ ነክቶት አያውቅም።»

እውነቷን ነው፤ ጭልፋው ንጹሕ ነው። ገላነሽ የድስቱን ክዳን ያዘች።

«እማ፣ ሳትከፍችው አንዴ ወደ ጓዳ ነይ።»

«ምን ሆንሽ? እንግዳ አስቀምጠን?»

«ነይ በናትሽ።»

ጓዳ ገብተው ማስተዋል በሹክሹክታ ነገረቻት። ገላነሽ በመጀመሪያ፣ «እኔ? እኔ ነኝ እንዲህ የማደርግ?» አለች። ከዚያ ዓይኗ ሰሐን ላይ የተጋደመውን አሮጌ ጭልፋ አየ። ቀስ ብላ የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። የበራው ፊቷ ጠፋ።

«ማን አየ?» አለች።

«እኔ ብቻ።»

ከእንግዶቹ በኩል የገብረማርያም ሳቅ ይሰማል። ስለ ላሟ እያወራ ነው አሁንም። ማስተዋል እናቷ ምን እንደምትል ፈርታ እግሯን ታያለች።

«እኔ ብቻ ትያለሽ?» አለች ገላነሽ። «አንች ካየሽ በቃ። የገዛ ልጄ እያየችኝ ሰው ላታልል? ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር። ደስታሽን ፈራሁት።»

ገላነሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ተነሣች። ማስተዋል ተከተለቻት።

«ልጆቼ፣ ይኸ ወጥ ለእናንተ አይሆንም» አለች ገላነሽ፣ ድስቱን ከፊታቸው እያነሣች። «ጠዋት በኛው ጭልፋ አማስየዋለሁ። እጄ ነው፣ ልማድ ሆኖበት። ልጄ አይታ ነገረችኝ።»

ገብረማርያም ሳቁን አቋረጠ። ሙጃሂድ ብድግ አለ። «ኧረ እትዬ ገላነሽ፣ ምንም አይደለም። ወተቱ ይበቃናል። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ?»

«ፊቱንስ አሳይቻችኋለሁ» አለች ገላነሽ። «አሁን ፍትፍቱን ነው የምፈልገው። ና፣ ልጄ፣ ተከተለኝ።»

የያዘችው ጥቁሯን ቄብ ነበር፣ እንቁላል ልትጥል የተቃረበችውን፣ ማንም እንዳይነካት ጧት ማታ የምትጠብቃትን። ገብረማርያም ሲያያት ቅንድቡን አነሣ። ገላነሽም አየችው። እሱም ቢላዋ ስሎ አመጣ፤ ሙጃሂድ አረዳት።

ሰብሪና እጅጌዋን ሰብስባ ከማስተዋል ጎን ተቀመጠችና ላባ መንጨት ጀመረች። ዕድሜዋን ዶሮ ነጭታ እንደማታውቅ ያስታውቃል፤ ላባው ሁሉ ሻሿ ላይ ሰፈረ። ገላነሽ አዲሱን ድስት በአመድ ፈትጋ፣ አጥባ፣ ደግማ አጠበች። ያ ለክርስቲያንም ለሙስሊምም የማይሆነው ወጥ ለውሻው ተገለበጠ። የዚያን ዓመት ገናን እንደ ውሻው ያከበረ የለም።

የቤቱ ሰው ግን በወተት ብቻ ቆየ። ትልቁ ድስት ተከድኖ ተቀመጠ። «እንግዳዬ ሳይበላ እኔ አልበላም» ብላለች ገላነሽ፤ እሷ ካልበላች ደግሞ ማን ይቆርሳል? ገብረማርያም በየደቂቃው ወደ ድስቱ እያየ ምራቁን ይውጣል።

ሽንኩርቱ ሲቁላላ የሰብሪና ስልክ ጮኸ። ሀቢባ ናት።

«አልበላንም፣ እማ» አለች ሰብሪና። «አዎ፣ እስካሁን። ቆይ ልንገርሽ።» ሁሉንም ነገረቻት፤ ጭልፋውን፣ ጓዳውን፣ ቄቧን። ገላነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርቱን ታማስላለች፤ ጆሮዋ ግን ስልኩ ላይ ነው። «አትጠይቂ ያልሽኝ ልክ ነበርሽ» አለች ሰብሪና በመጨረሻ። «ሳልጠይቅ ነገሩኝ።»

የገላነሽ ትከሻ ቀና አለ። ማስተዋል አየቻት። እንዲህ በእናቷ ኮርታ አታውቅም፤ አረፋ ዕለት በሀቢባ ቤት ስትከበር እንኳ እንዲህ አልኮራችም።

ወጡ መንተክተክ ጀመረ። ሽታው በረት ድረስ ሄደ። ገላነሽ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ጨው ያነሰው መሰላትና ሳታስበው እጇን ወደ ጭልፋው ዘረጋች። ሌላው እጇ መዳፉን ከፍቶ ለመቅመስ ተዘጋጅቷል።

ቀይ ክር የታሰረበት ጭልፋ ማስተዋል እጅ ላይ ነበር። እናቷን አየቻት። አልሰጠቻትም። ጭልፋውን ለሰብሪና አቀበለቻት።

«ቅመሽው» አለቻት። «ከእኛ ማንም አይቀምስልሽም። ጨው ካነሰው አንቺ ንገሪን።»