ክርኑ የተቀደደው ሹራብ

«ትናንት ምድር ከመንቀጥቀጧ በፊት ያቺ ልጅ ብድግ ብላ ወጣች! አላያችሁም?» አለች ሬዲዮ፣ ዴስኩ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች። «ቀድመው ነግረዋታል ማለት ነው። ነቄ በሉ እንጂ!»

ሬዲዮ ያሏት ሰበር ዜና ስለማያልቅባት ነው። አብዛኛው ወሬዋ በሬ ወለደ ቢሆንም የዛሬው መነሻ ግን እውነት ነበር። ትናንት የጎረቤት አገር መንግሥት ከድንበር ማዶ ተራራ ሥር የኒውክሌር ቦምብ ሞክሯል። የክፍሉ መስኮቶች ተንቀጫቀጩ፤ ጠመኔው ከሰሌዳው ሥር ተንከባሎ ወደቀ። ማታ የአካባቢው አገሮች መሪዎች በቴሌቪዥን ተራ በተራ ሲያወግዙ አመሹ። ጠዋት ከየሱቁ የታሸገ ውሃ ጠፋ። ክፍሉ ደግሞ የማዶውን መንግሥት ማውገዝ ስለማይችል፣ አምና ከእናቷ ጋር ከማዶ የመጣችውን የልብስ ሰፊዋን ልጅ መጠርጠር ያዘ።

የሬዲዮ የልብ ጓደኛ፣ ጭምት የሚሏት፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ልጅቷ ለምን እንደወጣች ከክፍሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የልጅቷ ቀሚስ ላይ ደም አይታ በጆሮዋ ሹክ ያለቻት፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራቧን አውልቃ «ወገብሽ ላይ እሰሪውና ውጪ» ያለቻት እሷ ናት። ብትናገር የልጅቷን ገመና በወንዶቹ ሁሉ ፊት ማውጣት ነው። ዝም ካለች ደግሞ ልጅቷ ሰላይ ሆና መቅረቷ ነው።

ወሬ ክፉ ነው፤ ጭምት በዓይኗ ያየችውን ራሷ መጠራጠር ጀመረች። ስትወጣ ስልክ ይዛ አልነበር? ለማን ልትደውል?

በሩ ተከፈተና የልብስ ሰፊዋ ልጅ ገባች። ወሬው ቀጥ አለ። አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ቦታ ቀይራለች። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ጭምት ሄዳ ፌስታል ሰጠቻት።

«እናቴ አጥባዋለች» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ቅያሪ አምጪልኝ ብዬ ስደውልላት ሥራዋን ጥላ መጣች።»

ስልኩ ለዚህ ነበር! ጭምት በራሷ አፈረች።

«እንዳትነኪው!» ጮኸች ሬዲዮ። «ከነሱ ቤት የወጣ ነገር ጨረር ይኖረዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«የራሴ ሹራብ ነው እኮ።»

«ያንቺ ሹራብ እሷ ጋ ምን ይሠራል?»

«ትናንት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ውጪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ፊቷ ቀላ። ጭምት አየቻትና «እሱ የሁለታችን ጉዳይ ነው» አለች።

ሬዲዮ ከዴስኩ ወርዳ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። «ቆይ፣ አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ እንዴ?»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ እንዲህ ስትላት ጭምትን ከፋት። ፌስታሉን ፈታች። ሹራቡ ታጥቦ ተተኩሷል። የገዛ እናቷ «ነገ እሰፋልሻለሁ» እያለች ወር ያስቆጠረችው ክርን በሹራቡ ቀለም ክር ተጠግኗል፤ በእጅ ካልዳሰሱት ቀዳዳው የት እንደነበር አይታወቅም። ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይጠይቃት የላላውን ቁልፍ ሳይቀር አጥብቃዋለች።

ፀሐዩ ሹራብ የሚያስለብስ አልነበረም። ጭምት ግን ለበሰችው፤ እስከ አንገቷ ቆለፈችውና ቦርሳዋን አንስታ ከልብስ ሰፊዋ ልጅ አጠገብ፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች።