ቀዩ ከሥር፣ ጥቁሩ ከላይ

ቡና ቀማሹ ሀብተጊዮርጊስ ማጅራቱን ተመትቶ፣ ሰቃ ከተማ አጠገብ ባለ የቡና ማሳ ውስጥ፣ ለአፈር ጥናት ተቆፍሮ በነበረ ጉድጓድ ተቀብሮ ተገኘ። የወረዳው ፖሊሶች የጉድጓዱን ግማሽ ቆፍረው አስከሬኑን ሲያወጡ፣ የማሳውን ባለቤት ኩመራንም በካቴና አስረውት ነበር። ወደ ጅማ የሚወስደው መኪና ሞተሩ ተነስቷል። ሚስቱ ዙሀራ የመኪናውን በር ይዛ አልለቅም ብላለች።

ከጅማ የመጣችው ኢንስፔክተር ሸዋረገጥ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት፤ ችኩል ፖሊስ አይጥማትም። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ያልተነካውን ግማሽ አየችው። ከላይ ክንድ የሚሆን ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ቀይ አፈር። ቅንጣት አልተደባለቀም።

«መኪናውን አጥፉት» አለች። «ኩመራን አምጡልኝ።»

ኩመራ ከንፈሩ ደርቋል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ምን አጣላህ?»

«ቡናዬን ቀመሰና ‹ቡና ያበቀላትን አፈር አትክድም፤ አፈር የሚያጠናው ዶክተር ከዚህ ማሳ ነው ብሎ የላከልኝ፣ ወይን ወይን የሚለው የቡና ናሙና ከሌላ መሬት ነው› አለኝ። ቡናዬን ያጣጣለ መስሎኝ ጮህኩበት። ወላሂ፣ ሌላ የለም!»

«ችግኝ ስትተክል የቱን አፈር ታስቀድማለህ?»

ግራ ገባው። «ጥቁሩን ነዋ፤ ሥሩ የሚበላው እሱን ነው። ቀዩን በላዩ እመልሳለሁ።»

ቀጥሎ፣ ትናንት ከሟቹ ጋር ወደ ማሳው መጥቶ የነበረው የቡና ነጋዴ ኤልያስ ቀረበ። ሸዋረገጥ አካፋ አቀበለችው። «እስቲ ፖሊሶቹ ካወጡት አፈር ትንሽ ይዛቁልኝ።»

ሰውየው ጥቁሩንም ቀዩንም በአንድ ላይ አፈሰና ግማሹን ጫማው ላይ ደፋው።

ሦስተኛው፣ ጉድጓዱን ያስቆፈረው የአፈር ተመራማሪ ዶክተር እሱባለው ነበር። «ክፍት ትቼው ነው ጅማ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተመለስኩት» አለ።

«የወጣው አፈር የት ነበር?»

«ጥቁሩ በግራ፣ ቀዩ በቀኝ። ለየብቻ ነው የምናስቀምጠው።»

«ለምን?»

«ስንመልሰው እንደነበረ...» ብሎ ወደ ጉድጓዱ አየ።

ሸዋረገጥ ሁሉንም ጉድጓዱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«የደነገጠ ሰው እጁ የለመደውን ይሠራል» አለች። «አቶ ኤልያስ ቢሆኑ አፈሩ ይደባለቅ ነበር። ኩመራ ቢሆን ጥቁሩን ከሥር እናገኘው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲተክል የኖረው እንደዚያ ነው። ይህን ጉድጓድ የሞላው ሰው ግን ቀዩን አስቀድሞ፣ ጥቁሩን አልብሶ፣ መሬቱን እንደነበረ መለሰው። ዶክተር፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው። ጥናትዎ የዚህ ማሳ አፈር ለቡና የወይን ጣዕም ይሰጣል ይላል። ሟቹ ደግሞ ናሙናው ከሌላ መሬት መምጣቱን ደረሰበት።»

እሱባለው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ለመንኩት፤ አልሰማኝም።»

«አፈሩንስ ምነው እንዲህ ተጠነቀቁለት?»

«ቢደባለቅ እኮ ቡና እንደልብ አያበቅልም ነበር።»

ዙሀራ የመኪናውን በር ለቃ መጣች። «ለአፈሩ ራራህለት!» ብላ ጮኸችበት። «ባሌን ግን ልታሰቅልብኝ ነበር!»

እሱባለው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ካቴናው ከኩመራ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ።

ኩመራ ግን ሁለት እጁን እንዳጣመረ፣ አሁንም የታሰረ ይመስል ቆሞ ቀረ። ዙሀራ እጆቹን ቀስ ብላ አላቀቀችና አንዱን ያዘችው።

«ኮቱ፣ ና፣ ቤታችን እንግባ» አለችው። ያን ጊዜ ኩመራ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ።